አንድ ነጥብ ወይስ ሦስት

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። እኔ ሯጭ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የምተርክላችሁ ነገር የደረሰብኝ ሩጫ ላይ ስለሆነ ስለ እግሬ የተሳሳተ ግምት እንዳትይዙ ብዬ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሮጥኩት ከሰፈሬ ከተዋሂ የምሳፈርበት ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ሲል ብቻ ነበር። ብዙ ጊዜም ያመልጠኝ ነበር።

ስሜ ያሲን ይባላል። የተወለድኩት ዓደን ነው፤ አባቴና እናቴ ግን ደሴ ተወልደው ደሴ ያደጉ ናቸው። አባቴ በአባቱ የመናዊ ስለሆነ ደሴ እያለ "ዓረቡ" ይሉት ነበር፤ ዓደን ሲገባ ደግሞ "ሐበሺው" አሉት። እሱ በሁለቱም አይከፋም፣ ለሁለቱም ይዞራል። ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በአማርኛ ነው። አባቴ ተዋሂ፣ ወደቡ አጠገብ ሻንጣ ይሸጣል።

ዩኒቨርሲቲ መግባቴን ሲሰማ ለጎረቤት ሁሉ ለስላሳ አጠጣ። ሥነ ሕይወት መምረጤን ሲሰማም ሐኪም ልሆን መስሎት ደስታው አልቀነሰም። ነፍሳትን፣ በተለይም ቢራቢሮን ማጥናት እንደምፈልግ ስነግረው ግን የያዘውን ሻንጣ አስቀምጦ ተቀመጠ።

"ይናከሳል?" አለኝ።

"አይናከስም አባ።"

"ይበላል?"

"አይበላም።"

"ታዲያ ምን አድርጎህ ነው የምትከታተለው?"

በመጨረሻ ተስማማን። የመጀመሪያው ዓመት ሳያልቅ ዩኒቨርሲቲው በዚህ በቢራቢሮ ጉዳይ አንድ የሚታይና የሚጨበጥ ነገር ከሰጠኝ፣ አባቴ ዳግመኛ አይናገርም። ካልሰጠኝ ግን ትምህርቴን ትቼ ሱቅ እገባለሁ። አባቴ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። በሳምንቱ እኔ የምቀመጥበት ወንበር ተገዝቶ ከሱቁ በር አጠገብ ቆመ።

የሚታይና የሚጨበጥ ነገር የት እንዳለ አውቅ ነበር። ዶክተር ሳሊም የሚባሉ አስተማሪ ነበሩን፤ አጭር፣ ሽማግሌ፣ የድሮ የዓደን ሰው። በልጅነታቸው እንግሊዞች በነበሩበት ጊዜ ስለተማሩ፣ ዓረብኛ ሲያወሩ መሐል መሐሉ ላይ "ኦልራይት" እና "ፊኒሽ" ይሰነቅራሉ። የነፍሳት ክፍል የምትባል፣ ወረፋ ጠብቆ ካልሆነ ሁለት ሰው የማይገባባት ጠባብ ክፍል አላቸው። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች መሳቢያ ነው፤ በመሳቢያው ውስጥ በመርፌ የተሰካ ነፍሳት አለ። በየዓመቱ ከአንደኛ ዓመት ተማሪ አንድ ሰው መርጠው የዚያችን ክፍል ቁልፍ ይሰጡታል። ያንን ቁልፍ የፈለግኩትን ያህል ሌላ ነገር ፈልጌ አላውቅም። እሳቸው ሲያስተምሩ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ራሴን እነቀንቅ ነበር። አንድ ቀን ትምህርታቸውን አቋርጠው አንገቴን ያመኝ እንደሆነ ጠየቁኝ።

አሁን ስለ ሁለት ቢራቢሮዎች መናገር አለብኝ። ታገሱኝ፣ አጭር ነው።

በዓደን ዙሪያ ዑሸር የሚሉት፣ ቅጠሉ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስ ቁጥቋጦ አለ። የዚህን ቁጥቋጦ ቅጠል በልታ የምታድግ ብርቱካንማ ቢራቢሮ አለች። ወተቱ መርዝ ስለሆነ እሷም መራራ ናት፤ አንዴ የቀመሳት ወፍ ዳግመኛ አይነካትም። ሌላ ቢራቢሮ ደግሞ አለች። ይህችኛዋ አትመርም፤ ነገር ግን ወፎቹን ለማታለል ልክ እንደ መራራዋ ብርቱካንማ ለብሳ ትዞራለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው እናታቸውም አትለያቸውም። ቶሎ የሚለያቸው አንድ ነገር ነው። መራራዋ የኋላ ክንፏ ላይ ሦስት ጥቁር ነጥብ አላት፤ አስመሳይዋ አንድ ብቻ።

ዶክተር ሳሊም አስመሳይዋ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው በአል-ሒስዋ ረግረግ እንዳለች ያምኑ ነበር፤ ግን ያያት ሰው አልተገኘም። ሄዶ ለማየት መኪና ይሰጠኝ ብለው ሦስት ዓመት ጠየቁ፤ ሦስቱንም ዓመት "ለሚመጣው ዓመት" ተባሉ። በዚያ ፀደይ ግን የስፖርት ክፍሉ የተማሪዎች ሩጫ አዘጋጀ። ሩጫው ከከተማ ወጥቶ፣ በአል-ሒስዋ አትክልት ቦታዎችና ረግረግ መሐል አልፎ፣ ከቴምር ዛፎቹ ሥር የሚያልቅ ነበር። ተማሪ የሚያመላልስ አውቶቡስም አለ። ዶክተሩ ወደ ክፍላቸው ጠሩኝ።

"ያሲን፣ ተመዝገብ" አሉኝ።

መሮጥ እንደማልችል ነገርኳቸው።

"ማን ሩጥ አለህ? ዓይንህን ይዘህ ሂድ፤ እግርህ ራሱ ይከተላል። ነጥቧን ቁጠርና ንገረኝ፣ አንድ ወይስ ሦስት። 'ምናልባት' የሚል ቃል ይዘህ እንዳትመጣ። በዓይኑ አይቶ አንድ ነው የሚለኝ ሰው ቁልፉን ይወስዳል። ኦልራይት?"

አንገቴን ነቀነቅኩ።

በዓደን ፀደይ የሚባለው፣ ሙቀቱ ሰው ላይ ሳይጨክን የሚያልፉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። ሩጫው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተጀመረ። ነጭ ፎጣ አንገታቸው ላይ የጠቀለሉት የስፖርት አስተማሪ፣ ተማሪዎች ካፕቴን ናጂ የምንላቸው፣ ደረቴ ላይ አርባ አንድ ቁጥር ለጠፉልኝ። የቢራቢሮ መረቤንም ቀሙኝ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ መረብ ይዞ የሚሮጥ ሰው አላየሁም፣ ዛሬም አላይም አሉ። ከዚያ ሕጉን ተናገሩ። ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ አንዲት ነጭ ፒካፕ ትከተላለች፤ ፒካፗ የቀደመችው ሰው ተሳፍሮ ይመለሳል፣ ሩጫው ለእሱ አለቀ።

ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ሄደ። እኔም ሄድኩ። የመጀመሪያዎቹን መቶ ሜትሮች ከሰዎች ጋር ነበርኩ ማለት እችላለሁ። ከዚያ በአንድ የቲማቲም ማሳ ጥግ ነጭ ቢራቢሮ አየሁና ቆም አልኩ። በኪሴ እርሳስ ነበረኝ፤ የደረቴን ቁጥር ገለበጥ አድርጌ ጀርባው ላይ ጻፍኩት። ጥቂት ሮጬ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ሰማያዊዎች አየሁ። እነሱንም ጻፍኩ። የኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫዎች በስተግራዬ ሲሆኑ ዝርዝሬ ላይ ስድስት ዓይነት ነበረ፤ ከፊቴ ግን አንድም ሯጭ አልነበረም። ከኋላዬ ፒካፗ በሰው እርምጃ ትከተላለች። ካፕቴን ናጂ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ላይ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው ድምፅ ማጉያ ይዘው "ያላ፣ አርባ አንድ፣ እግርህን አንሳ" ይላሉ።

በዚህ ጊዜ ነው ብርቱካንማዋ መንገዱን አቋርጣ ያለፈችው።

ዝቅ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ወደ ዑሸሩ ቁጥቋጦ ገባች። አላመነታሁም። መንገዱን ለቅቄ ተከተልኳት። ቁጥቋጦው ውስጥ ጎንበስ ብዬ በእንብርክክ መሄድ ስጀምር አንድ እጅ ከኋላ ሸሚዜን ይዞ መሬት ላይ ደፋኝ። መነጽሬ ከፊቴ ላይ ወልቆ የት እንደገባ አላየሁም። እኔ ደግሞ ያለ መነጽር የአንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለ ነገር ከጭስ አልለየውም።

"ዝቅ በል ወንድሜ፣ ዝቅ በል" አለኝ በአማርኛ፣ በወሎ አነጋገር። "ደርሰውብሃል።"

ከአጠገቤ ሁለት ወጣቶች በሆዳቸው ተኝተዋል። የያዘኝ ከድር ይባላል፤ ከእሱ ወዲያ ያለው የአጎቱ ልጅ ሰይድ ነው። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሁለቱም ከባቲ አካባቢ የመጡ፣ በጀልባ ከተሻገሩ ገና ወር ያልሞላቸው፣ በሳቲን በሚባለው ሰፈር እያደሩ አል-ሒስዋ ቲማቲም የሚለቅሙ፣ ወደ ሳዑዲ መሻገሪያ የሚጠብቁ ነበሩ። ያን ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ያዩትን አስቡት። መልኩ የእነሱን የመሰለ አንድ ልጅ፣ ደረቱ ላይ ቁጥር ተለጥፎበት፣ ላብ በላብ ሆኖ ይሮጣል፤ ከኋላው ነጭ ፒካፕ፤ ፒካፗ ላይ የቆመ ሰው በድምፅ ማጉያ ይጮህበታል። ልጁ ድንገት መንገድ ለቅቆ ቁጥቋጦ ውስጥ ይደበቃል። እነሱም ሌላ ምን ይጠብቃሉ፣ አብረውኝ ገቡ።

"እነማን ናቸው የደረሱብኝ?" አልኩ።

"ሹርጣዎቹ ናቸዋ። ከድልድዩ ጀምሮ አይደል የሚከተሉህ።"

ፖሊስ አይደሉም፣ ሩጫ ነው አልኩት። ሩጫ መሆኑንማ እያየን ነው አለኝ።

ካፕቴን ናጂ ለካስ ልሸና የገባሁ መስሏቸዋል። ፒካፗን አስቁመው በማጉያው ይጣሩ ጀመር፤ "ቁጥር አርባ አንድ፣ ውጣ። አትፈር፣ ምንም አንልህም። ውሃ አለን።"

ከድር ዓረብኛ ብዙ ባይችልም ይህቺን ያውቃታል። "እንዲህ ነው የሚሉት" አለኝ በሹክሹክታ። "ባለፈውም ጓደኞቻችንን ውሃ አለን ብለው ነው የወሰዷቸው።" ከዚያ በጣቱ ደረቴ ላይ ያለውን ወረቀት ነካ። "ይሄንን ቁጥር እነሱ ናቸው የሰጡህ?"

አዎ አልኩ። እውነት ነዋ።

"አርባ አንደኛ ነህ ማለት ነው። አርባውን ይዘዋል?"

ሰይድ ከወዲያ ሆኖ "አርባ ሰው" አለና አላህን ይለምን ጀመር።

ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ብርቱካንማ ነገር በፊቴ አለፈ። ተንሳፈፈና ከድር ክንድ ላይ አረፈ። ቢራቢሮ የላብ ጨው ትወዳለች። ከድር ደግሞ የዚያን ጠዋት በጣም አልቦት ነበር።

"እንዳትንቀሳቀሱ" አልኩ።

አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ወዲህ ከብዙ ተማሪዎች ጋር መስክ ወጥቻለሁ፤ እንደዚያ ፀጥ ያለ ሰው ግን አላገኘሁም። ትንፋሻቸውን ሁሉ ዋጡት። እኔ ዓይኔን አጠበብኩ፣ አፈጠጥኩ፣ አንገቴን አስረዘምኩ። ከድር ክንድ ላይ ብርቱካንማ ጭስ ይታየኛል፤ ሌላ ምንም የለም። ዓመቱን ሙሉ የፈለግኩት ነገር ከአፍንጫዬ አንድ ክንድ ርቆ ክንፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እኔ ግን ነጥቡ ቀርቶ ክንፉ የት እንደሚያልቅ አላይም።

"ወንድሜ፣ ክንድህ ላይ ያለችው ትታይሃለች?"

"ትታየኛለች።"

"የኋላ ክንፏ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ?"

ፊቱ ባይታየኝም እንዴት እንዳየኝ ይሰማኛል። "ፀሐይ መትቶሃል?" አለኝ በኀዘኔታ።

"በአላህ ይዤሃለሁ፣ ቁጠርልኝ።"

ይህ ሰው ልያዝ ነው ብሎ እያመነ፣ ለማያውቀው ሰው የቢራቢሮ ነጥብ መቁጠሩን ሳስበው አሁንም ይገርመኛል። ራሱን ቀስ ብሎ አዘነበለ።

"አንድ" አለ።

"ሦስት አይደለም? እርግጠኛ ነህ?"

"አንድና ሦስት አይጠፋኝም። አንድ ነው፣ ከላይ፣ ከጠርዙ በኩል።"

በዚህ መሐል ካፕቴን ናጂ ታክተው ከፒካፗ ወርደው ወደ ቁጥቋጦው መጡና ፊሽካቸውን ነፉ። ከድርና ሰይድ እንደ ጥይት ተነሱ። ከድር እኔን ጥሎ መሄድ አልሆነለትም፣ እጄን ይዞ ጎተተኝ። አንድ ሃያ ሜትር ያህል በሕይወቴ ሮጬ በማላውቀው ፍጥነት ሮጥኩ፤ እግሬ መሬት የነካው ሦስቴ ብቻ ይመስለኛል። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። እንደማልሆን ገባው። "ይቅር በለኝ ወንድሜ" አለና እጄን ለቀቀ።

ተመልሼ መነጽሬን ሰይድ ተኝቶበት ከነበረው ቦታ በዳበሳ አገኘሁት፤ አንድ እጀታው ተሰብሯል። በእጄ ደግፌ አደረግኩት። ካፕቴን ናጂ ሩጫህ አልቋል ብለው ፒካፗ ላይ ሰቀሉኝ። ግን እኔን አያዩም ነበር፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። ሁለቱ ልጆች፣ አንዱ በሸበጥ አንዱ በላስቲክ ጫማ፣ ሜዳውን እየሰነጠቁ ይሄዳሉ።

"እነዚህ የየትኛው ፋኩልቲ ናቸው?" አሉ።

ተማሪ እንዳልሆኑ፣ እኛን ፖሊስ ብለው እንደሚሸሹ ነገርኳቸው። ካፕቴን ደግ ሰው ናቸው፤ ደነገጡ፣ ሾፌሩን ድረስባቸው አሉት። ያ ነው ስህተቱ። ከድር ዞር ሲል ፒካፗ እየቀረበች፣ እኔም ተይዤ ላይዋ ላይ ቆሜያለሁ። ፍጥነቱን ጨመረ። እኔ ድምፅ ማጉያውን ከካፕቴን እጅ ወሰድኩና በአማርኛ ተጣራሁ። ምን ልበል? ሰውን የሚያረጋጋ ነገር ነው የፈለግኩት። ከአፌ የወጣው ግን "ወንድሞቼ፣ ቁሙ፣ አትፍሩ፣ ውሃ አለን" የሚል ነበር።

የመጨረሻዎቹን ሯጮች ያለፉት ያኔ ነው። መሐል ያሉትንም አለፉ። ውሃ ማደያው ጋ ሲደርሱ አንዲት ተማሪ ኩባያ ዘረጋችላቸው፤ ሰይድ ውሃ አለን እያሉ ሰው እንደሚወስዱ ስለሚያውቅ ኩባያውን ዘሎት አለፈ። ካፕቴን ናጂ ትከሻዬን ያዙኝ።

"ምን ብለሃቸው ነው? እባክህ ለእኔም አስተምረኝ፣ ለልጆቼ እላቸዋለሁ።"

ከቴምሮቹ ሥር ሪባን ተዘርግቶ፣ የዩኒቨርሲቲው ዲን ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ለአንደኛ የሚሰጠው የቁም ቬንትሌተር ጠረጴዛ ላይ ቆሞ፣ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃል። ከድር ሪባኑን ሲያይ መንገድ የተዘጋበት መሰለውና ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ሾለከ። አንደኛ የወጣው እንዲህ ነው። ሰይድ በሁለተኛነት ሾለከ። የሕግ ተማሪዎች ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ከድርን የእኛ ነው ብለው ትከሻቸው ላይ አወጡት። ከድር አበቃልኝ ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ሕዝቡ ደስታውን የገለጸ መስሎት አጨበጨበለት።

እኔ ከፒካፗ ዘልዬ ወርጄ በሰው መሐል እየተጋፋሁ ደረስኩ። በአማርኛ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ይህ የተማሪ ሩጫ እንደሆነ፣ ማንም እንዳልተያዘ፣ አርባ አንድ የእኔ ተራ ቁጥር ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። ከድር እጁን ሳያወርድ ሰማኝ።

"ማንም አላባረረንም?"

"ማንም።"

"ታዲያ አንተ ለምን ተደበቅክ?"

"አልተደበቅኩም። ቢራቢሮ እየተከተልኩ ነበር።"

ለሰይድ ነገረው። ሰይድ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ መጀመሪያ ለማልቀስ ዳዳው፣ ከዚያ ሳቁ መጣ፣ ሳቁ አልቆም አለ። ቬንትሌተሩ የተሰጠው ሦስተኛ ለወጣው ተማሪ ነው፤ ከድር ሽልማት መኖሩን ያወቀው ከተወሰደ በኋላ ነው። ቬንትሌተሩን ይውሰዱት፣ እኛን ብቻ አይውሰዱን አለ።

በዚያ ጫጫታ መሐል ዶክተር ሳሊም ጃንጥላቸውን ይዘው፣ በክንዳቸው ሥር ትንሽ የእንጨት ሣጥን ሸጉጠው ፊቴ ቆሙ። ሰላምታ አልሰጡኝም።

"ስንት?" አሉ።

"አንድ" አልኩ።

ጃንጥላቸው ከእጃቸው ወደቀ። ሁለት ትከሻዬን ያዙኝ፤ ዓይናቸው ውስጥ ያየሁትን ደስታ ከዚያ በፊት በማንም አስተማሪ ዓይን አላየሁም። "አንተ አየሃት? በዓይንህ?"

አንባብያን ሆይ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ፤ "አዎ" የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ነጥቧ አንድ መሆኑን አምናለሁ። የቆጠረው ሰው መንገደኛ ነው፣ በቅርቡ የመንን ለቅቆ ይሄዳል፤ ዓረብኛ አይችልም፤ ማንም አይጠይቀውም። ቁልፉ ከዶክተሩ ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ይታየኛል። ከሱቁ በር አጠገብ የቆመችውም ወንበር ትታየኛለች። ደግሞም እኔ ትልልቅ ሰዎችን ደስ ማሰኘት የምወድ ልጅ ነኝ፤ አንገቴ ሊነቀነቅ ጀምሮ ነበር። ያስቆመኝ ጀግንነት አይደለም። የተሰበረው መነጽሬ ከአፍንጫዬ ላይ ተንሸራቶ የዶክተሩ ፊት ጭስ ሆነብኝ።

"አላየሁም" አልኩ። "መነጽሬ ወድቆ ነበር። ያየው እሱ ነው።"

ዶክተሩ እጃቸውን ከትከሻዬ አነሱ። ከድርን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። "ጠይቅልኝ" አሉ።

ፈተናው የተደረገው እዚያው ቴምር ሥር፣ ከድር የውሃ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነው። ዶክተሩ የእንጨት ሣጥናቸውን ከፍተው በመርፌ የተሰካች ብርቱካንማ ቢራቢሮ አሳዩት። ያየሃት ይህችን ነው፣ ኦልራይት? አሉት። ተረጎምኩ። ከድር አቀርቅሮ ረጅም ጊዜ አየ።

"ይህቺ ሌላ ናት። ይህቺ ሦስት አላት።"

ምናልባት ሁለቱ ነጥቦች ተፍቀው እንደሆነስ? አሉ ዶክተሩ። ከድር ተፍቆ ቢሆን ብናኙ ተነስቶ ክንፏ ይሳሳ ነበር፣ የሷ ግን አዲስ ልብስ ነው የሚመስል አለ። ፀሐይ ዓይንህን አታሎህ ቢሆንስ? ክንዴ ላይ እኮ ነው የነበረችው፣ እግሯ ይኮረኩረኝ ነበር አለ። ዶክተሩ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የማያወጡትን ጥያቄ ሁሉ አወጡ፣ ከድር ሁሉንም መለሰ። በመጨረሻ ልነሳ ብሎ ሲዘጋጅ እንዲህ አለ፤

"ስለ ባሏ ግን አልጠየቃችሁኝም።"

"የምን ባል?" አልኩ።

"ክንዴ ላይ እያለች አንድ መጥቶ ሲዞራት ነበር። ሊያባርራት ነው ወይ ብዬ አይቼው ነበር፤ ኋላ ሳየው እሷን የሚለምን ነው። እሷን አይመስልም፤ ጥቁር ነው፣ ክንፉ ላይ ነጫጭ ጨረቃ አለበት።"

ለምን ያን ጊዜ እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። ነጥብ ቁጠር ነው ያልከኝ አለ።

ስተረጉም ዶክተር ሳሊም ቀስ ብለው ሌላኛው የውሃ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። "የአስመሳይዋ ወንድ" አሉ "ማንንም አይመስልም። ጥቁር ነው፣ ነጭ ክብ አለው። ያሲን፣ ይህን ለአንተ ነግሬህ አውቃለሁ?"

"አልነገሩኝም።"

"ፊኒሽ" አሉ።

ከዚያ ቁልፉን ከወገባቸው ፈቱ። ላየ ሰው ነበር ቃል የገባሁት፣ አንተ አላየህም አሉኝ። አቀረቀርኩ። ያየው ሰው ደግሞ ዓረብኛ አይችልም፣ እኔ አማርኛ አልችልም። እሱ እዚህ እስካለ ድረስ ጠዋት ጠዋት እሱ ይይ፣ አንተ ጻፍ፤ ያላየኸውን አላየሁም የሚል ሰው የሚጽፈውን አምናለሁ አሉ። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ለካስ ከባድ ነው።

በማግስቱ ዶክተሩ ትልቁን መዝገብ አወጡ። ከድር ስሙ እንደሚጻፍ ሲሰማ ደነገጠ፤ ይህን ጽሑፍ ማን ያየዋል አለ። ዶክተሩ ይህን መዝገብ የሚከፍቱት እሳቸው፣ እኔና ብል ብቻ እንደሆንን አረጋገጡለት። የአባቱ ስም ቀርቶ ከድር ብቻ ተጻፈ። ቀጥሎ "ሥራ" የሚል ዓምድ ነበር። ከድር ተከዘ።

"ተማሪ እንዳትል አልተማርኩም" አለ። "ገበሬ እንዳትል እርሻው የሌላ ሰው ነው። ሯጭ ብለህ ጻፍ፤ እሱን እንኳ ብዙ ሰው አይቷል።"

ሦስት ሳምንት አብረን ሠራን። ከቲማቲሙ ሥራ በፊት፣ ገና ሳይሞቅ፣ እሱ ያያል እኔ እጽፋለሁ። የዑሸሩ ወተት ዓይን እንዳይነካ ያስተማረኝም እሱ ነው፤ ባቲ አካባቢም ይህ ቁጥቋጦ አለ። አንድ ማለዳ በቀጠሯችን ቦታ አልመጣም፤ ከሰይድ ጋር ወደ ሰሜን መሄዳቸውን የማሳው ባለቤት ነገረኝ። ከሁለት ወር በኋላ ከድር ሱቃችን ስልክ ደወለ። ሳዑዲ፣ ጂዛን ገብተዋል፣ ፍየል ይጠብቃሉ፣ ደህና ናቸው። ካርዱ ሊያልቅ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ተናገረ። እዚያም ብርቱካንማ አለች አለ፤ አምስት አይቻለሁ፣ ሁሉም ሦስት ሦስት ናቸው፣ ሰውዬው እንዳይደክሙ ንገራቸው አለ። ለዶክተሩ ነገርኳቸው። ጻፉት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝና ምክር ልሰጣችሁ አልደፍርም። በእኔ ላይ የተለወጠውን ብቻ ልንገራችሁ። ዱሮ አንድ ትልቅ ሰው ሲጠይቀኝ ከመልሱ በፊት ፊቱን ነበር የማየው፤ ምን ቢባል ደስ እንደሚለው ለማወቅ። አሁንም አያለሁ፣ ልማድ ቶሎ አይለቅም። ግን ካየሁ በኋላ ለራሴ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያየሁት ወይስ ሌላ ሰው? መልሱ ሌላ ሰው ከሆነ ያን ሰው እጠራለሁ። ብዙ ጊዜ እሱ ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ ያልጠየቅነው ብቻ ነው።

አባቴን ወደ ነፍሳት ክፍል የወሰድኩት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። በሩን በራሴ ቁልፍ ከፈትኩለት። ቁልፉን አየ፣ በእጁም ጨበጠው። ከድር ስላያት ቢራቢሮና ስለ ባሏ እየነገርኩት መዝገቡን ዘረጋሁለት። መነጽሩን አድርጎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ "ያየው፦ ከድር፣ ሯጭ። የጻፈው፦ ያሲን፣ ተማሪ። ማስታወሻ፦ ጸሐፊው በቦታው ነበረ፤ አላየም።"

ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ይህን ያስጻፈህ ሰውዬ ነው አለቃህ?"

"አዎ አባ።"

ሠላሳ ዓመት ሻንጣ ስሸጥ እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ነጋዴ አልገጠመኝም አለ። መዝገቡን በጥንቃቄ ዘጋው። ወንበሯን ለመጋዘን ጠባቂው እንደሚሰጣት ነገረኝ። ከዚያ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ እየሳበ ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

"ባሏ የቱ ነው?" አለ።